ከአንገት ቀዶ ሕክምና በኋላ መዋጥ ሲያቅት

የፈተናውን ጉዳይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ለሚቀጥለው እትም ይቆየኝና ዛሬ ስለ አንድ ወንድማችን ላጫውታችሁ።

በ2016 ዓ.ም. ከቦዳቦዳ ወድቆ የአንገቱ አጥንት ተጎዳና በሪፈር ናይሮቢ ሄደ። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት ሲወጣ፣ ሩንዳ ውስጥ በሰው ቤት ምግብ አብሳይ ሆና የምትሠራ እህቱ ዘንድ፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው የሠራተኛ ክፍል አረፈ። እኔም የጉዞ ፈቃድ አግኝቼ ከተማ ነበርኩና ልጠይቀው ሄድኩ። ሩንዳን ለማታውቁ፣ አጥሩ ረጅም፣ ዛፉ ብዙ፣ ጸጥ ያለ የሀብታም ሰፈር ነው።

እህቱ አጥሚት ይዛ "በእኔ ሞት፣ አንዴ ፉት በልልኝ" ትለዋለች። እሱ ምራቁን እንኳ ሲውጥ ፊቱ ይጨማደዳል። ያተኩሰዋልም። "ጋሼ፣ ሲወርድ አንገቴ ውስጥ የሚቀር ይመስለኛል" አለኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም "ቁስሉ ነው፣ በርታና ጠጣ" አልኩት። ይኸ ምክሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥቂት ቆይቶ ፋሻው ረጠበ። ገልጠን ስናይ ላብ አይደለም፣ አጥሚቱ ነው!

ነገሩን በሰሌዳ ብሥለው እንዲህ ነው፦ ከፊት የአየር ቧንቧ፣ ከኋላው የምግብ ቧንቧ፣ ወዲያው ደግሞ አከርካሪው። ከፊት በኩል ገብቶ የአንገት አከርካሪን መጠገን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያኑ ሮቢንሰንና ስሚዝ፣ እንዲሁም ክላዋርድ ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ሐኪሙ አጥንቱ ዘንድ ለመድረስ ቧንቧዎቹን ወደ ጎን ገፍቶ መያዝ አለበት። የምግብ ቧንቧ ደግሞ ስስ ነው፤ አንጀት ያለው የውጭ ሽፋን እንኳ የለውም። በመሣሪያ ሊቀደድ ይችላል፤ ወይም አጥንቱን ያያዘው ብረትና ብሎን ላልቶ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይበሳዋል። አይበዛም፣ ከመቶ ታካሚ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የታዘዘላችሁ ይኸን አንብባችሁ እንዳትቀሩ። ሲደርስ ግን ምራቅና ምግብ ወደ አንገትና ደረት ሾልኮ መግል ይይዛል፣ ይገድላልም። በተለይ ከ24 ሰዓት በላይ ከዘገየ አደጋው ይብሳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲውጡ ትንሽ ማመሙ የተለመደ ነው፤ ያ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ይሄዳል። እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አንገት ካበጠ፣ ቆዳው ሲነካ ከሥሩ አየር እንዳለ ኩርሽሽ ካለ፣ ከቁስሉ ምራቅ ወይም መጠጥ ከወጣ፣ በአፍ ምንም ሳይሰጥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ተልባም ማርም አይሆንም። እናቶች ይቅርታ፣ አጥሚትም ቢሆን።

አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁም ንገሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከኖርዌይ በርገን ጋር በትብብር ከተጀመረበት ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች በርክተዋል።

ወንድማችንን በታክሲ ወሰድነው። የሚታይ ፈሳሽ አስውጠው ሲቲ ስካን አነሡት፣ ቀዳዳው ታየ። ሌሊቱን አንገቱን እንደገና ከፍተው መግሉን አጠቡ፣ ቧንቧውን ሰፉ፤ ስፌቱ እንዳይለቅ ደግሞ ከራሱ የአንገት ጡንቻ ቁራጭ አዙረው ደረቡበት። ከጎን የመግል ማፍሰሻ ቱቦ ተውለት። (ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ቶሎ ከተገኘ አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በመድኃኒትና በጾም ብቻ የሚድንም አለ።) ከዚያ ለሳምንታት በአፉ ጠብታ ውሃ አልገባም፣ ምግቡ በሆዱ በኩል በቱቦ ነበር። ብረቱን ወዲያው አላወጡትም፣ አጥንቱ ገና አልጠናምና።

እህቱ በየእሑዱ ከሩንዳ ትመጣለች፤ ዘንቢሏን ግን ባዶ ነው የምታመጣው። ሐኪሞቹ ፈሳሹን ዳግመኛ አስውጠው ቧንቧው አለማፍሰሱን ባዩ ቀን በማንኪያ ውሃ ሰጡት። ዋጠ። አንገቱን ዳሰሰ። "ጋሼ፣ ደረቅ ነው" አለኝ።