የመጀመሪያ ጎጆ በደብረ ብርሃን፦ ድጋፉ በምን መልክ ይሰጥ?

የመጠለያ ጥያቄ ከምግብና ከልብስ ጋር የሚነሳ መሠረታዊ የኑሮ ጥያቄ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ ሠርቶ አደሩ የመጀመሪያ ቤቱን እንዲሠራ ወይም እንዲገዛ የሚደረግለት የገንዘብ ድጋፍ በምን መልክና በማን እጅ ሊደርሰው ይገባል የሚለው ነው። ጥያቄውን ከደብረ ብርሃን አንጻር ማየት ደግሞ በቂ ምክንያት አለው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ብርዳም ከተማ ለብዙ ዘመን ስሟ የሚነሳው ከበግ ጠጉርና ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ጋር ነበር። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተባት፤ ቢራ ጠማቂዎችና ሌሎች ፋብሪካዎችም ተተከሉባት። ፋብሪካ ሲቋቋም ለማሽኑ የሚሆን ቤት አስቀድሞ ይሠራል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ወዴት እንደሚያድር ግን በዕቅዱ ላይ እምብዛም አይሰፍርም።

ይህ ሠራተኛ ከየት እንደመጣ እንመልከት። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘውና በአንድ ወቅት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በአንኮበር ገጠር አንድ ወጣት ጎጆ ሲወጣ፣ ወላጅ ከይዞታው ቆርሶ ቦታ ይሰጠዋል። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ድንጋይ ይሸከምለታል፣ እንጨት ያቆምለታል፣ ጭቃ ያቦካለታል። ባለ ጎጆው ጠላና እንጀራ ያቀርባል። በባንክ ቋንቋ ቢተረጎም ይህ ወለድ የማይታሰብበት ብድር ነው፤ ተበዳሪው ዕዳውን በተራው በጉልበቱ ይከፍላል፣ መያዣውም በመንደሩ ዘንድ ያለው ስም ነው። ወጣቱ ወደ ደብረ ብርሃን ወርዶ ፋብሪካ ሲቀጠር ግን ደቦው አብሮት አይሄድም። በደቦው ቦታ የሚጠብቁት ደላላና አከራይ ናቸው። ሥራው ከቤቱ ይልቅ ቀድሞ ይገኝለታል፤ ደመወዙ ደግሞ ከእጁ ሳይሞቅ ለኪራይ ይወጣል።

መንግሥታት ይህን ችግር ለመፍታት ያደረጉትን ሙከራ መለስ ብሎ መመርመር ይጠቅማል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ፈቀደ፤ የዝቅተኛ ቤቶችን ኪራይም እስከ ግማሽ ቀነሰ። በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ፤ በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ቦታ በነፃ፣ ብድርም ከግለሰብ ባነሰ ወለድ የሚያገኙበት አሠራር ተዘረጋ። የዚህ አሠራር ጥንካሬው ቦታውን፣ ብድሩንና ማኅበሩን በአንድ ላይ ማያያዙ ነበር። ድክመቱም መሸሸግ የለበትም። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለጥገና እንኳ የማይበቃ ስለነበር ቤቶቹ እያረጁ ሄዱ፤ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ፤ ብድሩም ቢሆን በአመዛኙ የደረሰው ቋሚ ደመወዝ ለነበረው እንጂ ለቀን ሠራተኛው አልነበረም። ባንኩ በኋላ ስሙ ተለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎህ ቤቶች ባንክ ለቤት ብድር የቆመ የግል ባንክ መሆኑ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የግል ባንክ ገንዘቡን የሚያበድረው መልሶ መክፈሉ ለተረጋገጠለት ሰው መሆኑ አያስወቅሰውም፤ ሥራው ነውና።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከሁሉም የሚበልጥ ትምህርት ሰጥቶናል። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ የ10/90 ተመዝጋቢ በወር 187 ብር ለሦስት ዓመት እንዲቆጥብ ታቅዶ ነበር። ድሃ አይቆጥብም ይሉ የነበሩ ሰዎች እዚህ ላይ መልስ አግኝተዋል፤ ሕዝቡ ቆጥቧል። የጎደለው ቤቱ ነው። ብዙዎች ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቁ፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ እንኳ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። መርሐ ግብሩ ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሮ የነበረ ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ቆመ። በወር 187 ብር ለሦስት ዓመት ሲሰላ 6,732 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በተቆጠበበት ዘመን የአንድ ቤት ቅድመ ክፍያ ሊሆን የታሰበ ነበር፤ ዛሬ የአንዲት ትንሽ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አይገዛም።

የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። የሠርቶ አደሩ ቁጠባ በብር መልክ በባንክ ተቀምጦ ሲጠብቅ ይሟሟል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቤት ድጋፍ ከገንዘብነት ወጥቶ በተቻለ ፍጥነት ወደ ድንጋይ፣ ወደ ብሎኬት፣ ወደ ቆርቆሮ መለወጥ አለበት። በአማራ ክልል ከተሞች ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ካስቀመጡ በኋላ ቦታ በምደባ የሚያገኙበት አሠራር ለዓመታት ተሠርቶበታል። አሠራሩ በመሠረቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የዝግ ሒሳቡን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማምጣት የማይችለው ሠራተኛ ከበሩ ይመለሳል፤ ወይም ስሙን ለሌላ ሸጦ ከማኅበሩ ይወጣል። በስሙ የተመራው ቦታ የነጋዴ ይሆናል። ከዚያም ማኅበሩ ማኅበር መሆኑ ይቀርና ስም መነገጃ ይሆናል።

ለገዢው በቀጥታ ገንዘብ ይሰጠው የሚሉ አሉ። ቤት በሌለበት ገንዘብ ቢታደል ግን ተጠቃሚው ሻጩ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2013 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለአዲስ ቤት ገዢ ያበድርበት የነበረው መርሐ ግብር፣ ቦታ በጠበበባት በለንደን የቤቱን ዋጋ እንዳናረ ተጠንቷል። በቀድሞይቱ ምሥራቅ ጀርመን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋሙት የሠራተኞች ቤት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘው ነበር፤ አባሉ የድርሻ ገንዘብ ከመክፈሉም በላይ የተወሰነ ሰዓት በጉልበቱ ይሠራ ነበር። ቤቱ የማኅበሩ እንጂ የአባሉ የግል ሀብት አልነበረም፤ ይህ ለእኛ ላይስማማን ይችላል። ጉልበት እንደ ቅድመ ክፍያ መቆጠሩ ግን የአንኮበር ገበሬ ሳይማር የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዚህ በመነሳት የሚከተለውን ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። አባሉ በየወሩ ለሚያስቀምጠው ብር የከተማው አስተዳደርና ቀጣሪው ፋብሪካ የበኩላቸውን ይጨምሩ፤ ጭማሪው ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በግንባታ ዕቃ ይሁን። መጀመሪያ የመሠረት ድንጋይ፣ መሠረቱ መውጣቱ ሲረጋገጥ የግድግዳው፣ ከዚያ የጣሪያው ይሰጥ። ባንክ የቤት መያዣ ቤት ከሌለው ሰው መጠየቁን ትቶ የፋብሪካውን የደመወዝ ማረጋገጫና የማኅበሩን የጋራ ዋስትና ይቀበል። በድጋፍ የተሠራ ቤት ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጥ በውል ይታሰር፤ የተመዝጋቢዎች ስምና ተራም በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሰው ሁሉ የሚያነበውን ዝርዝር መነካካት ይከብዳል።

ሲሚንቶው ይሰረቃል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አያጠራጥርም። ሲሚንቶ በእርግጥ ይሰረቃል። ነገር ግን የእድር ድንኳን፣ ድስትና ወንበር በየሰፈሩ ለአሥርት ዓመታት ሲቆጠር፣ ሲወጣና ሲመለስ ኖሯል፤ የእድሩን ንብረት የቆጠረ ሰው ሲሚንቶ ለመቁጠር አይቸገርም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። የኢንዱስትሪው ሠራተኛ ሁሉ ቋሚ አይደለም፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው፣ በተለይም ወጣት ሴት ሠራተኞች፣ ቤት ለመሥራት ገና አልተዘጋጁም። ተፈናቅለው በከተማይቱ የተጠለሉ ወገኖች ጥያቄም በቁጠባ የሚመለስ አይደለም። ለእነዚህ ተመጣጣኝ የኪራይ ቤት መሥራት ይቀድማል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማድረጉም መፈጸሙ ሲታይ ነው የሚጠቅማቸው።

በደጋው አገር ግንባታ የሚካሄደው በበጋ ነው፤ ክረምት ከገባ ጭቃ ግድግዳ አይደርቅም፣ ድንጋይም ከካባው አይወጣም። እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበራት በመጪው መስከረም መሠረት መቆፈር ከፈለጉ፣ ማን ምን ያህል ቆጠበ፣ ማን ግንበኛ ነው፣ ማን አናጢ ነው፣ ማን ድንጋይ መጥረብ ይችላል የሚለውን መዝገብ ክረምቱ ሳይወጣ ጨርሰው ለከተማው አስተዳደርና ለባንኮቹ ማቅረብ ይኖርባቸዋል።