ላቬንደርና የጎንደር ክረምት

በዚህ ወር የጓሮ ጨዋታችን ስለ ላቬንደር ነው። ዐረብ አገር ኖረው የተመለሱ እህቶቻችን «ኹዛማ» ብለው ያውቁታል። የደረቀ አበባው በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ልብስ መካከል ሲቀመጥ ሣጥኑን ያውዳል፤ ብልንም ያርቃል። በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብን ሲናም «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ የላቬንደር ወገን የሆነውን ኡስቱኹዱስን ከመድኃኒት ዕፅዋት ጋር ጽፎታል።

እኛም አንድ ዓመት ጎንደር ውስጥ ሦስት ችግኝ ተክለን ነበር። የውዱእ ውኃችን ከንቱ አይፍሰስ ብለን ጠዋት ማታ አጠጣናቸው። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ተጨመረበት። ነሐሴ ላይ ቅጠላቸው ጠወለገ፤ የጠማቸው መስሎን ደግሞ ጨመርንላቸው። በመጨረሻ ስንነቅላቸው ሥራቸው ጠቁሮ በስብሷል። የገደልናቸው እኛው ነን።

ምክንያቱ ኋላ ነው የገባን። ላቬንደር የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ተክል ነው። በዚያ አገር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ሲሆን ሙቀቱ ሲመጣ ምድሩ ይደርቃል። በእኛ ዘንድ ግን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሥሩ ወር ሙሉ በረጠበ አፈር ውስጥ ይከርማል። እርሱን የሚፈጀው ብርዱ ሳይሆን ይህ ነው።

ስለዚህ መደቡን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉት፤ አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ደባልቁት። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው፣ ከጣሪያ ፍሳሽ የራቀ ቦታ ይሁን። ግቢያችሁ መረሬ አፈር ከሆነ መሬት ላይ አትድከሙ፤ ታችዋ በተበሳ ጣሳ ተክላችሁ በክረምት በረንዳ ሥር አስገቡት። የስጋ መጥበሻ የሚስማማው ቦታ ለላቬንደርም ይስማማዋል፤ ዘመዳሞች ናቸው። ፍግ አታብዙበት፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ዝርያውም ይለያያል። የእንግሊዝ የሚባለው ጥሩ አበባ እንዲያወጣ ብርድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ላለችው ለደባርቅ እርሱን እንመርጣለን። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቅጠሉ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመው ይሻላታል። ይህኛው የብርድ ወቅት ሳይጠብቅ ያብባል፤ ውርጭ ግን አይችልም።

አንድ ተክል ካላችሁ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምት፣ አበባ ካልያዘው ቅርንጫፍ አንድ ጣት የሚያህል ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ በእርጥብ አሸዋ ላይ በጥላ ትከሉት። ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ሥር ያወጣል። የመጀመሪያውን በጋ በመጠኑ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ሳይደርቅ ውኃ አታሳዩት።

አበባው ገና መፈንዳት ሲጀምር፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቆርጣችሁ በጥላ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ካበበ በኋላም ተክሉን ከርክሙት፤ ነገር ግን ቅጠል የሌለውን አሮጌ እንጨት አትንኩ፣ ከዚያ በኋላ አያቆጠቁጥም። ንብ በጣም ይወደዋል። ቀፎ ያለው ሰው ደስ ይበለው፤ ልጆች ከሚሮጡበት ደጃፍ ግን ራቅ ይበል።

የውዱኡ ውኃስ? እርሱን አሁን ለናናው እናፈስለታለን። ናና ውኃ አይጠላም።