የቤት ኢንተርኔት ስናስገባ በወሬ ሳይሆን በልኬት ይሁን



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየደጁ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ለቤት የትኛውን ኢንተርኔት እናስገባ? የቴሌን ነው ወይስ የሳፋሪኮምን?» ይባላል። ቡና ላይ ይነሣል፣ ዕድር ላይ ይነሣል፣ ከገበያ ስንመለስም ይነሣል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከወሬ አያልፍም። አንዱ «የእነ እከሌ ቤት ይፈጥናል» ይላል፤ ሌላው የማስታወቂያውን ቀለም አይቶ ይወስናል። ማኅበራችን የማንም ኩባንያ ሻጭ አይደለም፤ ከማንም ሳንቲም አይቀበልም። ስለሆነም ነገሩን በግልጽ እንነጋገርበት።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣን እናስታውስ። በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መሥመር በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ተዘረጋ፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ዓመታት ሁሉ መሥመሩን የያዘው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ እሱም በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ያን ጊዜ ምረጡ ያለን የለም፤ የተሰጠንን መያዝ ነበር። ኋላ አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጣና በሩ ተከፈተ። ዘርፉን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ያለበት የውጭ ኩባንያዎች ኅብረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ፈቃድ አገኘ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

ምርጫ ማግኘት መልካም ነው። ዳሩ ግን ምርጫ የሚጠቅመው መርምሮ ለሚመርጥ ነው። ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ ስንቆጥብ ከርመን፣ ገበያ ወጥተን ጀርባውን ሳንዳስስ፣ ጥርሱን ሳናይ የምንገዛ አለን እንዴ? የለንም። በየወሩ ከኪሳችን ለሚወጣው ገንዘብስ ለምን እንቸኩላለን?

ይህ ጉዳይ የቅንጦት ነው የምትሉ ካላችሁ አይደለም እንላለን። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ውጤትም የሚታየው በኢንተርኔት ነው። አዲስ አበባና ሌላም ከተማ ወጥተው የሚሠሩ ልጆቻችንን ፊታቸውን እያየን የምናነጋግረው በዚሁ ነው። መሥመር ያለው ቤት ልጅ ሲለማመድ፣ የሌለው ቤት ልጅ ፈተና ክፍል ገብቶ ገና ማውዙን ይፈልጋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ኢንተርኔት ወደ ቤት በብዛት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ፋይበር የሚባለው ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ሲሆን መልእክቱ በብርሃን ይሄዳል። ፈጣኑም የማይዋዥቀውም እሱ ነው። ነገር ግን ክሩ እስከ ደጃችን መድረስ አለበት። ሁለተኛው የድሮው የመዳብ ስልክ ሽቦ ነው፤ ቤቱ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይደክማል። ሦስተኛው ያለ ሽቦ ከማማ የሚመጣው ነው፤ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ቤት ይቀመጣል፣ ከዚያ ዋይፋይ ለቤተሰቡ ይደርሳል። ይሄኛው ለመግባት ቀላል ነው። ግን የማማውን ጉልበት የአካባቢው ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ የሚያዘግመው ለዚህ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ቦታው። የማስታወቂያው ካርታ ለዞኑ የተሣለ ነው እንጂ ለእኛ ጓዳ አይደለም። ኮረብታ፣ ወፍራም ዛፍና የቆርቆሮ ጣራ ኔትወርክ ይጋርዳሉ። ከመንገዱ በላይ ያለው ቤት የሚያገኘውን ከታች ያለው ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ምስክርነት ብቻ አይበቃም። የሁለቱንም ኩባንያ ሲም ተውሳችሁም ቢሆን በራሳችሁ ቤት፣ ራውተሩ በሚቀመጥበት ቦታ ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ረፋድ ላይ መሞከር ያታልላል። ጧት፣ ቀትርና ማታ 2 ሰዓት ላይ ሞክሩ። የማታው ነው እውነተኛው።

ሦስተኛ፣ መለኪያው። ሻጮች ፍጥነቱን የሚናገሩት በሜጋቢት ነው፤ የፋይሉ መጠን የሚነገረው ግን በሜጋባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። እንግዲህ 4 ሜጋቢት የተባለ መሥመር በሴኮንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ነው። 90 ሜጋባይት የሆነ መማሪያ መጽሐፍ 3 ደቂቃ ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «4 አለኝ ተብዬ ተታለልኩ» ማለት አይገባም።

አራተኛ፣ ሒሳቡ። የወሩን ክፍያ ብቻ አትዩ። ለምሳሌ መሣሪያው 4,800 ብር ነው እንበል፤ ለ24 ወር ቢካፈል በየወሩ 200 ብር ይጨመራል። ያልተገደበ የሚባል ጥቅል ከሆነ፣ ከስንት ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል ብላችሁ ጠይቁ። ራውተሩ የሌላውን ኩባንያ ሲም ይቀበላል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ተቆልፎ ከሆነ ነገ መቀየር ብትፈልጉ ዕቃው ሣጥን ሆኖ ይቀራል። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍና በደረሰኝ ይሁን።

አምስተኛ፣ መብራት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። ባትሪ ያለው መሆኑን፣ ከሌለውም በምን እንደምታንቀሳቅሱት አስቡ።

ስድስተኛና ዋናው፣ ፍላጎታችሁ። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ ካለና የሚፈለገው መልእክትና የድምፅ ጥሪ ከሆነ፣ የቤት ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልግም፤ የሞባይል ጥቅል ይበቃል። ሦስት ተማሪ ያለበት ቤት ግን ሌላ ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት እንኳ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ይበላል። ጎረቤት ስላስገባ ብቻ ማስገባት ለጊፋታው ቅቤ የተቀመጠውን መንካት ነው።

ጉኑኖ ለልኬት እንግዳ አይደለችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እዚሁ ሲሠራ፣ የዘነበው ዝናብና የታጠበው አፈር እየተለካ በመዝገብ ይሰፍር ነበር። ስለ አፈሩ በግምት አልተነገረም፤ ተለክቶ ተነገረ። ለኔትወርኩም እንደዚያው እናድርግ።

ስለሆነም የማኅበሩ ኮሚቴ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። ከሠፈሩ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ጫፍ ሦስት ፈቃደኛ ቤቶች ይመረጡ። ለአንድ ሳምንት የሁለቱንም ኩባንያ መሥመር በቀን ሦስት ጊዜ ለክተው በደብተር ይመዝግቡ። ውጤቱ፣ የማንንም ስም ሳያሞግስ ሳያጥላላ፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ፋይበር የሚፈልጉ ቤቶች ደግሞ ለየብቻ ከሚመላለሱ በአንድ ማመልከቻ ይፈርሙ። ለአንድ ቤት ገመድ መሳብና ለሃያ ቤት መሳብ ለኩባንያው አንድ አይደለም። በአንድ ድምፅ የጠየቀ መልስ ያገኛል ብለን እናምናለን፤ እምቢ ቢባል እንኳ ምክንያቱን በጽሑፍ ይቀበላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንዶች አንድ መሥመር አስገብተው ገንዘብ እየሰበሰቡ ለሠፈሩ ለማከፋፈል እንዳሰቡ ሰምተናል። ለዘመድና ለጎረቤት ልጅ ዋይፋይ ማካፈል የጉርብትና ነገር ነው። አገልግሎት አድርጎ መሸጥ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ባለሥልጣኑን ሳይጠይቁ አይገባበትም። ችግር ሲገጥምም ከሻጩ ልጅ ጋር መጣላት ዋጋ የለውም። እሱ ዕለት ጉርሱን ፈላጊ ነው። አቤቱታ መጀመሪያ ለኩባንያው ይቀርባል፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች ስልክ 994 ነው። መፍትሔ ከታጣ ወደ ባለሥልጣኑ ይኬዳል። ቀኑንና ደረሰኙን የያዘ ሰው አቤቱታው ክብደት አለው።

በመጨረሻ የማንረሳው ነገር አለ። በሠፈራችን ምንም ቢቀንስ ወርኃዊውን መክፈል የማይችሉ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸውም ከልጆቻችን ጋር እኩል ይፈተናሉ። ስለዚህ በመጪው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ለድምፅ እናቀርባለን፤ በማኅበሩ አዳራሽ አንድ መሥመር ገብቶ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ይከፈት ወይስ አይከፈት? ገንዘቡ የእናንተ መዋጮ ነው፤ ውሳኔውም የእናንተ ነው። የኮሚቴው ሐሳብ ግን ይከፈት የሚል ነው። ለቀብርና ለሠርግ አብረን የምናዋጣ ሰዎች፣ ለልጅ ፈተና ማዋጣት አያቅተንም።

ቀኑ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይገለጻል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ እያነበባችሁ እንድታሰሙ፣ በወላይትኛም እንድታስረዱ፣ ለስብሰባውም በሰዓቱ እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጉኑኖ