«አይሆንም» ላለን አስጎብኚ ስንት እንክፈል?

ዘነበወርቅ ያደገ ሰው ወፍ ለማየት ብር መክፈል ይከብደዋል። እኛ ሰፈር አባ ኮዳ በነፃ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ወፍ ከቆሼ በኩል ተነስቶ ይመጣና ምሰሶ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ቀብሮ እንደ ጡረተኛ ሲያያችሁ ይውላል። ማንም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አያነሳውም። ለዚህ ነው የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በ2011 ክረምት «ረግረግ ሄደን ወፍ እንይ፣ አስጎብኚም አለ» ሲሉኝ የሳቅኩት።

የሄድንበት ቦታ በርጋ ይባላል። ከዘነበወርቅ ተነስታችሁ በጦር ኃይሎች፣ በዊንጌትና በአስኮ አድርጋችሁ የአምቦን መንገድ ትይዛላችሁ። ቡራዩን፣ ገፈርሳንና ሆለታን አልፋችሁ አዲስ ዓለም አካባቢ ስትደርሱ ከዋናው መንገድ ትገነጠላላችሁ። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ ሳሩም ያድጋል። ከሩቅ ስታዩት የከብት ግጦሽ ነው፣ በቃ። ግን እዚያ ሳር ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ ጎጆዋን ትሠራለች።

በእንግሊዝኛ ስሟ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል ነው። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፣ ከሳር ውስጥም እምብዛም አትወጣም። በዓለም ላይ የቀሩት ለመራባት የደረሱ ወፎች ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ናት። በዋናነት የምትታወቀው በሁለት አገር ነው፤ በእኛና በደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ በካሜራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ የመራቢያዋ አገር ስትባል የምትጠራው ኢትዮጵያ ነበረች።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው፤ በእድሜ ከእኛ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ቦቲ አድርጎ፣ የዝናብ ላስቲክ ደርቦ ጠበቀን። ለአራታችን 400 ብር ተስማማን። በረግረጉ ዳር ዳር ሁለት ሰዓት ያህል አዞረን። ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ያለባቸውን ዝይዎች አየን። ጉሮሮዋ ብርቱካንማ ሆኖ አንገቷ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረች የምትመስል፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኝ ወፍ አየን። ጫማችን ጭቃ ጠጣ፣ ተንሸራተን ወደቅን፣ ሳቅን። ዋናዋን ግን አላየናትም።

ጓደኛችን ቪዲዮ ሳይቀርፅ መመለስ አልፈለገም። «ሳሩ ውስጥ ገባ ብለን እናስነሳት፣ ሌላ 300 ብር እንጨምርልሃለን» አለው። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። 300 ብር ቀላል አልነበረም፤ ከተስማማንበት ዋጋ ብዙም አያንስም። ከዚያ «አይሆንም ወንድሜ» አለ። «አሁን እንቁላል ላይ ናት። እናንተ ረግጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኛ እዚሁ ነን።»

ተናደን ተመለስን። ጓደኛዬ ገና ሆለታ ሳንደርስ «ጊዜያችሁን አታባክኑ» ብሎ ገጹ ላይ ለጠፈ። እውነቱን ለመናገር እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ኢኮኖሚክስ እየተማርኩ ነበርና ያላየሁትን ዕቃ የምከፍልበት ምክንያት አልታየኝም።

አሁን ሳስበው የተሳሳትኩት ስለ ዕቃው ምንነት ነው። እኛ የገዛነው የወፏን ፎቶ መስሎን ነበር። ልጁ ይሸጥ የነበረው ግን በሚቀጥለው ዓመትም ወፏ እዚያው እንድትኖር ማድረግን ነው። ችግሩ፣ ይኼኛውን ዕቃ የሚገዛ ገበያ የለም። ገበያው የሚከፍለው ለ«እሺ» ብቻ ነው። ልጁ «እሺ» ቢል 300 ብር ያገኛል፣ «አይሆንም» ስላለ ግን ብሩንም ስሙንም አጣ። እንዲህ ከሆነ ነገ ሌላ አስጎብኚ «አይሆንም» የሚልበት ምን ምክንያት አለው?

ይኼ የበርጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ጉማሬ ለማየት ጀልባ የተከራያችሁ ታውቁታላችሁ። ባለጀልባው ራቅ ብሎ ሲያቆም «ትንሽ ጠጋ በል እንጂ» የምንለው እኛው ነን። ከጠጋ ጉርሻ አለ፣ ከራቀ ኩርፊያ። ጉማሬ ሰው የሚገድል እንስሳ መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቀው ባለጀልባው ነው፤ ግን የዕለት ገቢው ያለው እኛ እጅ ላይ ነው። ከዚያ አደጋ ሲደርስ «ጥንቃቄ የጎደለው ባለጀልባ» እንላለን።

«አይሆንም»ን ውድ አድርጎ መሸጥ ይቻላል። ሩዋንዳ የተራራ ጎሪላ ለማየት የውጭ ቱሪስት 1,500 ዶላር ይከፍላል። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ የሚሰጠው ከጎሪላዎቹ ጋር አንድ ሰዓት ነው። መጠጋት ክልክል ነው፣ የታመመ ሰው መግባትም ክልክል ነው። ከፓርኮቹ የቱሪዝም ገቢ 10 በመቶው በዙሪያቸው ለሚኖረው ሕዝብ ይመደባል። ሰው ክልከላው በዝቷል ብሎ አልቀረም፤ እንዲያውም ውድነቱ ከክልከላው ጋር አብሮ የመጣ ነው።

በርጋም ላይ የዚህ ሐሳብ ዘር ተዘርቷል። ሚድልፑንት የሚባል፣ ለዚችው ወፍ የቆመ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆኖ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረድቷል። ነገሩ ቀላል ነው፦ ወፏን የሚጠብቀው ገበሬ ከወፏ የሚያገኘው ነገር ይኑር።

እዚህ ላይ «ገበሬው ከብቱን የት ያሰማራ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሳሩ ለእሱ ባንኩ ነው። ከብት በጊዜው ካልገባ ወተቱም በሬውም ይጎዳል። እኛ ከአዲስ አበባ ሄደን «ወፏን አትንካ» ብለን የምንመለስ ከሆነ ወጪውን ሁሉ እሱ ላይ ጥለን ትርፉን ወሰድን ማለት ነው። ትርፉ ደግሞ ወፏ ብቻ አይደለችም። ረግረጉ የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቀዋል፣ የበርጋ ወንዝም የአዋሽ ገባር ነው። ታች ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ ሜዳ ተጠቃሚ ነው፤ ክፍያ ግን ማንም አይልክለትም።

ስለዚህ መንግሥት እስኪያስብበት ሳንጠብቅ እኛ ራሳችን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። አንደኛ፣ የአስጎብኚውን ዋጋ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፣ ደህና አድርጋችሁም ክፈሉ፤ በኋላ ለ«ጠጋ በል» ጉርሻ አታቅርቡ። ሁለተኛ፣ የአካባቢውን ልጅ ቅጠሩ እንጂ ከከተማ ይዛችሁ አትሂዱ። ሦስተኛ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የምትሄዱ ከሆነ ከዳር ሆናችሁ እዩ፣ የጎጆ ቦታ የሚያሳይ ሎኬሽን አትለጥፉ። አራተኛ፣ አስጎብኚ «አይሆንም» ካላችሁ እሱን ጻፉለት። አምስት ኮከብ የሚገባው ለዚያ ነው።

ይኼ ሁሉ ከሳቄ የጀመረ ነው። አባ ኮዳን በነፃ የምናየው ቆሻሻችን ስለበዛ ነው፤ ቆሻሻ እስካለ እሱም አይጠፋም። የበርጋዋ ወፍ ግን የምትኖረው አንድ ሰው ሳሩን ስለተወላት ነው። ያን ቀን መቶ መቶ ብር ከፍለን ሳናያት ተመልሰናል። ያቺን 300 ብር ግን ከኪሳችን አውጥተን መልሰን መክተት አልነበረብንም። «አይሆንም» ላለን ልጅ መስጠት ነበረብን።