ቤቱን የያዘችው እህት ለምን «አጋዥ» ተባለች?

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ ወሎ ውስጥ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬን «የቤታችሁን ወጪ የሚሸፍነው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳያመነታ «አባቴ» አለ። ደብተርና ጫማውን ማን እንደገዛለት ስጠይቀው ግን «እህቴ፣ ከሪያድ ልካ» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። እንደ ለመደው አስተሳሰብ ቤት የሚያስተዳድር ወንድ ነው፤ እህት «ታግዛለች» እንጂ አታስተዳድርም።

የሥነ ልቦና ምሁሯ አሊስ ኢግሊ እ.ኤ.አ በ1987 ባሳተሙት ሥራ፣ ስለ ወንድና ሴት ጠባይ ያለን ግምት በአብዛኛው የሚቀዳው ሲሠሩ ከምናያቸው ሥራ መሆኑን አስረድተዋል። ታዲያ ሥራው ሲለወጥ የእኛ ግምት ለምን አልተለወጠም? የእህታችን ልፋት ከዐይናችን የራቀ ስለሆነ ይመስለኛል። እሷ የምትለፋው በሰው አገር፣ በሰው ቤት ውስጥ ነው። እኛ የምናየው ሐዋላውን ተቀብሎ ገበያ የሚወጣውን ወንድ ነው።

መዘዙ የሚታየው ስትመለስ ነው። በ2006 ዓ.ል ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። ዛሬም ተመልሳ፣ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት በወንድሟ ወይም በባሏ ስም ሆኖ የምታገኝ እህት አለች። ስትጠይቅ «ዐረብ አገር ዐይኗን ገልጦት መጣች» ትባላለች።

ይህን ልማድ ዲን ነው የሚሉ አሉ። ሱረቱ አን-ኒሳእ ግን በአንቀጽ 32 ወንዱም ሴቷም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ያስተምራል፤ አንቀጽ 34 ደግሞ የወንድን ኃላፊነት ወጪ ከመሸፈኑ ጋር ያያይዘዋል። የኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) በባሏና በምታሳድጋቸው የቲሞች ላይ ስለምታወጣው ገንዘብ ባስጠየቀች ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት አጅር እንዳላት ነግረዋታል፤ የዝምድናና የሰደቃ። ሰደቃ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ የራሷ ነው ማለት ነው። ሰው የሌላውን ገንዘብ ሰደቃ አይሰጥም።

ወላጅን መርዳት ትልቅ ዒባዳ ነው፤ አትርዳ አላልኩም። ነገር ግን የባንክ ደብተሩ በስሟ ይሁን፤ ቤትና ቦታ ሲገዛ ድርሻዋ በጽሑፍ ይቀመጥ። ልጆችም ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ምግቡ ከማን ልፋት እንደመጣ ይነገራቸው። አላህ ሐቅን ለባለቤቱ የምንመልስ ያድርገን።