የእናቴ መንገድ ስንት ሰዓት ነው?

እናቴ እህቴን ልታርስ ወደ ዋሽንግተን ስትነሣ፣ «መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ900 አካፍዬ «13 ሰዓት ቢሆን ነው፣ እማዬ» አልኳት። ትኬቱን የቆረጠልን ሰውም ከዚህ የተለየ ነገር አልነገረንም።

አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት ያህል በርሮ አረፈ። ሰው ተነሣ፣ ሻንጣ ወረደ። እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቆሎ የያዘች ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከወራጆቹ ጋር ተሰለፈች። ያለችው ግን ሎሜ ነበር፣ ቶጎ። በሩ ጋ ስትደርስ አንዲት የአገር ልጅ «እማማ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላ ባታስቆማት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይረበሻል።

ከስሌቴ የጎደለው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። መንደርደሪያው ሳያልቅ ለመነሣት ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል። ሰውና ጓዝ ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ መጨመር ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ የሚቻለውን ያህል ነዳጅ ይዞ ተነሥቶ መንገድ ላይ ይቀዳል። ሎሜ ባሕር ዳር ናት፤ ከዚያ ሞልቶ መነሣት አይቸግርም። ነገር ግን በሎሜ ሲዞር መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከማረፊያው ጋር ጉዞው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል።

በመልሱ ነገሩ ሌላ ነው። ደለስ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላምና ነዳጅ ሞልቶ ሳያርፉ መብረር ይቻላል፤ በላይኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ ይገፋል። 13 ሰዓት ያልኳት የመልሱ መንገድ ነበር።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ችግሩን እንደሚያቀል አምናለሁ። እስከዚያ ግን ትኬት የሚቆርጡልን ሰዎች አንድ ነገር እንዲያደርጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አውሮፕላኑ የት እንደሚያርፍ፣ እያንዳንዱ በረራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በአማርኛ ጽፈው ይስጡ። ትኬቱ ላይ ያለው የመድረሻ ሰዓት የአሜሪካ ነው፤ እንደ ወቅቱ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ ከመነሻው ሰዓት ጋር አስልቶ የጉዞውን ርዝመት ለማወቅ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ናት። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ቢሰጣት ኖሮ አንብባ ትቀመጥ ነበር። ልጆቻቸውን ሊያርሱ፣ የልጅ ልጅ ሊያዩ ብቻቸውን የሚሳፈሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ የምታስቆማቸው ልጅ አትገኝም።

እህቴ ዘንድሮ ሁለተኛ ልጇን ትወልዳለች፤ እናቴም ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራለች። በዚህ ጊዜ በትልልቁ ጻፍኩላት፦ «መጀመሪያ የሚያርፈው ሎሜ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ። አትነሺ። ሁለተኛው ዋሽንግተን ነው፤ እዚያ ውረጂ።» ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችውና አጥፋ ፓስፖርቷ ውስጥ አስቀመጠችው።