ነፋስ ለምጣዳችን ምን ይጠቅማል?

በከተማ ለምትኖር እናት፣ ይልቁንም ቀን በሥራ ውላ ማታ ጓዳዋን ለምታሰናዳ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትልቅ ረዳት ነው። ከጭስ ይገላግላል፤ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዓይንንና ሳንባን ከጉዳት ያድናል። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ ሳለ መብራት የጠፋ እንደሆነ ግን የቤተሰቡ ራት ይስተጓጎላል፤ ያልታሰበ ወጪም ይመጣል።

አገራችን ኤሌክትሪክ የምታገኘው በአብዛኛው ከወንዞች ውኃ ነው። ግድቦች በክረምት ይሞላሉ፤ በበጋ ይጎድላሉ። ዝናብ ሲያንስ ጉድለቱ እስከ ጓዳችን ይዘልቃል። በ2001 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ይታደል እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

የነፋስ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው በአውድማ ላይ እህሉን በመንሽ እየበተነ ገለባውን በነፋስ የሚለየው መቼ ነው? ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ አይደለምን? ወንዞች እየቀነሱ በሚሄዱበት በዚያው ወራት በብዙ አካባቢ ነፋሱ ይበረታል። ስለዚህ ውኃና ነፋስ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የተጓዘ ሰው በኮረብታዎቹ ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ረጃጅም ማማዎች ያያል። ነፋሱ ክንፎቹን ሲያሽከረክር ከማማው ጫፍ ያለው ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የመጀመሪያው የአዳማ ጣቢያ 34 ተርባይኖች ተተክለውለት 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖች ኖረውት 153 ሜጋዋት እንዲሰጡ ተሠርተዋል። በመቀሌ አጠገብ የሚገኘው የአሸጎዳ ጣቢያም በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር።

ይህን በጓዳ ሚዛን እንለካው። ከአዳማ ተርባይኖች አንዱ ነፋሱ ሲበረታ 1,500 ኪሎዋት ይሰጣል። አንድ ምጣድ 4 ኪሎዋት ቢወስድ፣ ያ አንድ ማማ ብቻ ከ350 በላይ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ያግላል። ነዳጅ አይገዛለትም፤ ጭስም የለውም። በማማዎቹ መካከል ያለው መሬትም ይታረሳል።

«ነፋሱ ሲቆምስ?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ነፋስ ሁልጊዜ እኩል አይነፍስም፤ ብቻውንም አገር አያበራም። ነገር ግን ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት የግድቡ ውኃ ይቆጠባል፤ ነፋሱ ሲቆም የተቆጠበው ውኃ ይለቀቃል። ባለሙያ እናት ከዱቄቷ ከፍላ ለችግር ቀን እንደምታኖር ማለት ነው። በእርግጥ ማማዎቹን ለመትከል ብዙ የውጭ ምንዛሪና ብድር ያስፈልጋል። ያረጀ መስመርና የተቃጠለ ትራንስፎርመርንም ነፋስ አይጠግንም፤ እነዚህም የየራሳቸውን እንክብካቤ ይሻሉ።

እኛም በበኩላችን የምናደርገው አለ። ሁሉም ቤት መብራት በሚያበራበት በምሽቱ ሰዓት ከመጋገር ይልቅ፣ የተቻላት እናት በማለዳ ወይም በዕረፍት ቀን ብትጋግር መልካም ነው። የሳምንቱን እንጀራ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳያቋርጡ መጋገርም ደጋግሞ ከማጋል ያድናል። በዚህ ዓይነት ከውኃውም ሆነ ከነፋሱ የተገኘው ኃይል ለጎረቤትም ይተርፋል፤ የወሩም ሒሳብ ይቀንሳል።